ኩርፊያ በደንገል በር

በ2079 ዓ.ም. ሐምሌ ሰባት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ በባሕር ዳር ከተማ የደንገል በር ሰፈር ነዋሪ የሆነችው ባንቺአምላክ ፈንቴ ከጎረቤቷ ከስንሻው አበጀ ጋር ስትስቅ ታየች። ሳቁ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። የዕድሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ይታይሽ ነገሩን ከመስኮታቸው ተመለከቱና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

እንዲህ ያስደነገጣቸው ምክንያት ነበረው። ባንቺአምላክና ስንሻው ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በሰፈሩ ውስጥ የኩርፊያ ወረቀት ያላቸውም እነሱ ብቻ ነበሩ።

ፎቶግራፍና ቪዲዮ ለማስረጃነት መቅረባቸው ከቀረ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏል። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያልተፈጠረ ወፍ በጣና ላይ ማብረር ከቻለ ወዲህ ከተማዋ የምታምነው የሰው ዓይን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አንዱን ብቻ አታምንም፤ ምስክር ሁለት መሆን አለበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወዳጆች ተማክረው እንደሚዋሹ ስለታየ፣ ምስክሮቹ ሁለት ዓመት የሞላው ኩርፊያ ያላቸው እንዲሆኑ ተደነገገ። ባልና ሚስት አይፈቀድላቸውም፤ ኩርፊያቸው አይጸናም። ወረቀት ያላቸው ሰዎች ዕድር ድንኳን ውስጥ በተለያየ ረድፍ ይቀመጣሉ። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ሲገባ ሌላው ፊቱን ወደ መስኮት እንዲያዞር ሹፌሩ ደወል ይደውላል።

በከተማ ውስጥ ያለ ረግረግ ሁሉ በየዓመቱ ከመስከረም ሃያ እስከ ሃያ አምስት ይቆጠራል። የሚቆጠረው የውሃ ተርብ ነው። ተርብ ልጆቹን ውሃ ውስጥ ስለሚያሳድግ፣ ውሃው ሲበላሽ ማንም ሳይነግረው ትቶ ይሄዳል። ሠላሳ ዓይነት የተመሰከረለት ረግረግ እንዳለ ይቆያል። ሃያ ዘጠኝ የተመሰከረለት እስከ ጥር ድረስ ይደፈንና ነዋሪዎቹ ላይ ሰፈር ወደሚገኙት ፎቆች ይዛወራሉ። በደንገል በር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለ። ካቻምና ሠላሳ አንድ፣ አምና ሠላሳ ተቆጥሯል።

ስለዚህ በደንገል በር የታጠበ መኪና አይታይም። እናቲቱ ተርብ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ውሃ ይመስላታል፤ መኪና ጣሪያ ላይ፣ ጥቁር መስታወት ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እንቁላሉም በፀሐይ ይደርቃል። የሙሽራ መኪና ከቤተ ክርስቲያን በፊት ጭቃ ይመረጋል። ይህን የሚያደርጉት ሚዜዎቹ ናቸው፤ ከሠርጉ ሁሉ የሚወዱትም ይህንን ነው። ባንቺአምላክ የምትተዳደረው መስታወት በማደብዘዝ ነበር። ነጭ ዱቄት በገንዳ በጥብጣ፣ በብሩሽ ትቀባለች። ሰፈሩ ውስጥ በእሷ እጅ ያልደበዘዘ መስኮት የለም።

ስንሻው ባጃጅ ነጂ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለእህቱ ልጅ ሠርግ ብሎ ቀዩን ባጃጁን አጠበው። መታጠቡ አልበቃ ብሎት በሰም ወለወለው። በማግስቱ ጠዋት ባንቺአምላክ ጣሪያው ላይ እንቁላል ሲጥሉ ያገኘቻቸውን አሥራ ሁለት ተርቦች ቆጥራ ለቀበሌ አመለከተች። ስንሻው ፈቃዱን ለሦስት ወር ተነጠቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። ሁለቱም ዓይናቸው የተሳለ፣ ሁለቱም ለተርብ ነገር ነፍሳቸውን የሚሰጡ ሰዎች ስለነበሩ፣ ሁለት ዓመት እንደሞላቸው ቀበሌው በደስታ ወረቀት ሰጣቸው።

ሐምሌ ሰባት ቀን የሆነው እንዲህ ነው። ዝናቡ ረግረጉን ከሚያቋርጠው የእንጨት ርብራብ አንዱን ሳንቃ ወስዶት ነበር። ባንቺአምላክ ገንዳዋን ተሸክማ ስትሻገር እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ገባች፤ ዱቄቱም ከራሷ እስከ ደረቷ አነጣት። ስንሻው በዚያ ሲያልፍ አየና ሊጎትታት ወረደ። ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እሱም ተዘረረ። ቀና ሲል አንድ ተርብ መጥቶ አፍንጫው ላይ አረፈ። ስንሻው ሁለት ዓይኖቹን ወደ መሐል ሰብስቦ ተመለከተው።

«ቀይ ካባ» አለ፣ የተርቡን ዓይነት እንደ ምስክርነት ቃል እየጠራ።

«ወንዱ ነው ሴቷ?» አለች ባንቺአምላክ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«ከዚህ ሆኜ አይታየኝም።»

ከዚያ በኋላ ነው ሳቁ የመጣው።

ወይዘሮ ይታይሽ ያን ቀን ማታ እስኪሆን አልጠበቁም። ባንቺአምላክ ገና ጸጉሯን ሳታጥብ ቤቷ ደረሱ።

«ሌላስ ምን ብለሽዋል?»

«ሌላማ፣ አመሰገንኩት።»

«አመሰገንሽው?»

«ከጭቃ ነው ያወጣኝ እትዬ ይታይሽ። ምን ላድርግ?»

«ትንሽ ብትቆዪ ምን ነበረበት? ሌላ ሰው አይመጣም ነበር?» ወይዘሮ ይታይሽ ወንበር ሳቡ። «መስከረም ላይ የቆጠራው መዝጋቢ ተኳርፋችኋል ወይ ስትልሽ ምን ልትዪ ነው?»

«የቅጹ መጨረሻ ላይ ያለችውን? ከተኳረፍን ተኳርፈናል እላለሁ። ከታረቅን ታርቀናል።»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው ባንቺ።»

«አውቃለሁ፣ አንዱ የኔ ነው። አባቴ ሲሠራው ሚስማር አቀብለው ነበር። ግን ብዋሽና ቢታወቅብኝ ቆጠራው በሙሉ ይሰረዛል። ባይታወቅብኝም እኔ አልዋሽም። ዘጠኝ ዓመት የቆጠርኩትን ሁሉ ሰው ያመነኝ ስለማልዋሽ ነው።»

ወይዘሮ ይታይሽ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው ወጡ። በማግስቱ የዕድሩን ኮሚቴ ሰበሰቡ። አዲስ ጥንድ ማቅረብ አይቻልም፤ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሦስት ቤተሰቦች ለሰፈሩ ሲሉ ዛሬውኑ ለመኳረፍ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸው ምስጋና ተቸራቸው። በመጨረሻ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ወረቀታቸው ገና ስላልተሰረዘና ቅጹ የሚጠይቀው የዕለቱን ኩርፊያ ብቻ ስለሆነ፣ ባንቺአምላክንና ስንሻውን በሽማግሌ ማጣላት።

ሽማግሌዎቹ መስከረም አሥር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከዋንዛው ሥር ተቀመጡ። መሪያቸው አያ ደረበ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃምሳ ዓመት ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ ደም የተቃቡትን፣ በወሰን የተካሰሱትን፣ በውርስ የተለያዩትን። ማጣላት ግን ሞክረው አያውቁም ነበር።

«ስንሻው፣ ልጄ» ብለው ጀመሩ። «በድላሃለች።»

«በድላኛለች አያ።»

«ፈቃድህን አስነጥቃሃለች።»

«አዎ። ግን አጥቤው ነበር እኮ። ሰምም ቀብቼዋለሁ።»

አያ ደረበ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ይኼ ሰውዬ አያግዘንም» አሉ። ከዚያ ወደ ባንቺአምላክ፦ «አንቺስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቱን ሲያዞርብሽ አላዘንሽበትም?»

«አዝኜ ነበር። ፊቱን ሲያዞር ግን ሁልጊዜ ወደ ውሃው ነው የሚያዞረው። እኔም ምን አይቶ ይሆን እያልኩ እከተለው ነበር።»

«እሱን ተይው። በሠርጉ ቀን ስላንቺ ምን እንዳለ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ያቺ ሴት ዓይኗ የጭልፊት ነው ብሏል፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ባንቺአምላክ ወደ ስንሻው ቀና ብላ አየች። «እውነት ብለሃል?»

«ብያለሁ» አለ ስንሻው፣ ጆሮው እየቀላ። «አሁንም እላለሁ።»

«እንደ ስድብ ነበር የተናገረው» አሉ አያ ደረበ። «እንደ ስድብ ተቀበዪው እንጂ።»

ሁለት ሰዓት እንዲህ አለፈ። ሽማግሌዎቹ የቆየ ነገር ባነሡ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ስሕተት ለራሱ እያደረገ ይከራከር ጀመር። ፀሐይዋ ዞራ አያ ደረበ ዓይን ላይ ወደቀች። ደክሟቸው ነበር። ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሃምሳ ዓመት እንዳደረጉት እጃቸውን ዘረጉና እንዲህ አሉ፦

«በሉ እንግዲህ፣ ያለፈው አለፈ። ተነሡና ተሳሳሙ።»

ሁለቱ ተነሥተው ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ «አሜን» አሉ። ሌሎቹ ወደ አያ ደረበ ዞሩ።

«ምን አልኩ?» አሉ አያ ደረበ።

«አስታረቅሃቸው» አላቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ሽማግሌ።

አያ ደረበ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አፌ ነው» አሉ። «እኔ የለሁበትም።»

መዝጋቢዋ መስከረም ሃያ ጠዋት መጣች። ስሟ ሶልያና ነው፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፤ ደንገል በርን አይታ አታውቅም። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱ ምስክሮች በርብራቡ ላይ ሃያ እርምጃ ተራርቀው ይሄዳሉ። ያዩትን እያንዳንዳቸው በየደብተራቸው ይጽፋሉ፤ የክንፉን ቀለም፣ የጅራቱን መልክ፣ ያረፈበትን ቦታ። ሁለቱ የጻፉት ሲገጥም አንድ ዓይነት ተብሎ ይመዘገባል። በስድስተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ምስክሮቹ በዛሬው ቀን ተኳርፈዋል ወይ የምትለው።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሦስት ዓይነት ተመዘገበ። ቀይ ካባ ነበር፤ በውሃ ታጥቦ የተወለወለ በርበሬ የመሰለ። ከሩቅ አገር ዝናብ ተከትሎ የሚመጣውና አንድ ቦታ የማይቀመጠው መንገደኛው ነበር። ከአንዱ ደንገል እስከ ሌላው ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውለው ትልቁ አረንጓዴ ዘበኛም ነበር። ዘበኛው በክልሉ ያለፈውን ሁሉ ያባርራል፤ ሌላ ተርብ ቢሆን፣ ወፍ ቢሆን፣ የሶልያና ባርኔጣ ቢሆን። ቀጫጭኖቹንና ሲያርፉ ክንፋቸውን ጀርባቸው ላይ የሚያጥፉትን ሰፈሩ መርፌ ይላቸዋል። መርፌዎቹ በመልክ ስለሚመሳሰሉ እነሱን መለየት የባንቺአምላክና የስንሻው ኩራት ነበር።

ምስክሮቹ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ዘበኛው የሶልያናን ባርኔጣ ውሃ ውስጥ በጣለው ጊዜ ግን ስንሻው በሃያ እርምጃ ርቀት ቆሞ ለተርቡ ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጥ ባንቺአምላክ አየች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ጀርባዋን ሰጠች። የሶልያና የሦስተኛ ቀን ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ምስክሮቹ አይነጋገሩም፣ አይተያዩም። ሁለቱም አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣሉ። ብርድ ብርድ የሚላቸው ከሆነ ለወባ ቢመረመሩ መልካም ነው።»

በስድስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ዘጠኝ ሞላ። ሰፈሩ በሙሉ ዳር ዳሩን ወጥቶ ተቀምጧል። ሰዎች የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተዋል፤ መነጽር ያላቸው አወለቁና የሚሆነውን በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ያዩ ነበር። አያ ደረበ አፋቸውን በመሐረብ ይዘዋል። ወይዘሮ ይታይሽ ሁለት ነገር ይለምናሉ። አንዱ ሠላሳኛው ተርብ እንዲመጣ ነው። ሁለተኛውን ለመለመን አፈሩ።

ባንቺአምላክም ተርቡንና ጥያቄውን ታስባለች። ተርቡ ባይመጣ ጥያቄው ላይ የምትመልሰው ምንም አይጎዳም። ቢመጣ ደግሞ በገዛ አፏ ልታጠፋው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ፣ ቆማ የምትፈልገውን ተርብ ባላየሁ ብላ ተመኘች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አየችው።

ከርብራቡ በስተግራ፣ ቀጭን ደንገል ላይ፣ አንድ መርፌ ክንፉን አጥፎ ተቀምጧል። ጥቁር ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ብቻ ሰማያዊ። በዚህ ዓመት እስካሁን አልተመዘገበም። ቀና ስትል ስንሻውም ቆሞ እየጻፈ ነው። ሶልያና ሁለቱን ደብተሮች ተቀብላ ጎን ለጎን ያዘቻቸው፤ አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«አይገጥምም» አለች። «ወይዘሮ ባንቺአምላክ የጅራቱ ጫፍ ሰማያዊ ነው ብለዋል። አቶ ስንሻው ጫፉ ጥቁር፣ ሰማያዊው ከጫፉ በፊት ያለው ነው፣ ጎኑም አረንጓዴ ነው ብለዋል።»

«ተሳስቷል» አለች ባንቺአምላክ።

«ንገሪልኝ» አለ ስንሻው ለሶልያና። «የተሳሳተችው እሷ ናት በይልኝ።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት በይው።»

«ጫፉ ጥቁር ነው በያት። ብርሃኑን ተቃርና ቆማ ነው።»

«አጠገቤ ነው የተቀመጠው። ክንድ አይሞላም በይው።»

ሶልያና ምንም ለማንም ሳትል ራሷን ከአንዱ ወደ ሌላው ታዞራለች። ስንሻው ላብ አጥምቆታል። በሃያ ዘጠኝ ላይ መቅረት ሊሆን ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በአንዲት ጣት በማታህል ጅራት።

«መስታወት ስታደበዝዝ ዓይኗም አብሮ ደብዝዟል» አለ። «ዘንድሮ ሰው የሚያወራውን እየሰማች ነው የምትጽፈው።»

ዳር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ሰሙት። ለምስክር ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ባንቺአምላክ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ቀላ። ከሐምሌ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ሲንፈቀፈቅ የቆየው ሳቅ ድንገት ወዴት እንደሄደ አጣችው።

«እሱ ደግሞ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ቆሞ የሚያየው ማየት የፈለገውን ብቻ ነው። ያኔም እንዲህ ነበር። ዛሬም እንዲህ ነው። ይሄን አትንገሪው፤ ሰምቷል።»

ሶልያና ሰዓት አየች። የቀረው ጥቂት ስለሆነ ቅጹን አወጣችና በተማረችው መሠረት ጥርት ባለ ድምፅ ጠየቀች፦ «ምስክሮቹ በዛሬው ቀን ተኳርፈዋል?»

«አዎ» አለች ባንቺአምላክ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው እውነት መሆኑን ያስተዋለችው።

«ከበፊቱ ይብሳል» አለ ስንሻው።

ሁለቱም ፈረሙ። ሶልያና ሃያ ዘጠኝ ብላ ልትዘጋ ብዕሯን አነሣች። ግን የሁለቱም እጅ እንደተዘረጋ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ወደሚሉት መርፌ ያመለክታሉ። የባንቺአምላክ ጣት ወደ ግራ፣ የስንሻው ወደ ቀኝ ነበር።

«አንዴ ቦታ ብትለዋወጡልኝ» አለች።

ርብራቡ የሚያስተላልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱ መሐል ላይ ተገናኙ። ለመተላለፍ አንዱ የሌላውን ወገብ ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም። ባንቺአምላክ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች፤ ስንሻው ወደ ከተማው አዞረ፤ እንደዚያ ተቃቅፈው፣ አንዳቸው ሌላቸውን ሳያዩ፣ በትንንሽ እርምጃ ዞሩ። ሳንቃው ሲጢጥ አለ።

ስንሻው በግራ በኩል ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ባንቺአምላክ በቀኝ በኩል ተንበረከከች። እዚያ ሌላ መርፌ ተቀምጧል፤ ጫፉ ጥቁር፣ ከጫፉ በፊት ሰማያዊ ቀለበት፣ ጎኑ ገና እንደበቀለ ጤፍ አረንጓዴ። ቀለበቷ የተቀባች ሳይሆን ከውስጥ የበራች ትመስል ነበር። ባንቺአምላክ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ሁለቱም ጻፉ። ሶልያና አነጻጸረች። ከዚያ መዝገቡን ወደ ዳር ላሉት ሰዎች ከፍ አድርጋ፣ ሠላሳ አንድ አለች።

ጩኸቱ ከሐይቁ ማዶ ተሰማ። ወይዘሮ ይታይሽ ጫማቸውን አውልቀው ጨፈሩ፤ አያ ደረበ መሐረባቸውን አወጡና ለሁሉም ሰው መረቁ፤ ሚዜ የነበሩ ጎረምሶች በሰልፍ ጭቃ ውስጥ ገቡ። ከርብራቡ መሐል ላይ ሁለቱ ሰዎች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆመዋል። የይግባኝ ጊዜው አርባ ቀን ነው። በዚህ ውስጥ የምስክሮቹ ኩርፊያ ከፈረሰ ቆጠራው ይፈርሳል።

ባንቺአምላክ አርባ ቀን አላነጋገረችውም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ከእውነተኛ ንዴት የተነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ ንዴቱ እየሳሳ ሄደና በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር ተተካ። መስታወት ስትቀባ ይመጣባታል፤ ስንሻው በጭቃማ ባጃጁ ሲያልፍ ፊቷን አዙራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትመልሰዋለች። እሱም ሲያልፍ ያለ ምክንያት ጥሩምባ ይነፋ ጀመር፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ።

አርባው ቀን ባለፈ ማግስት፣ ኅዳር ስድስት ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ከላይ ሰፈር በኩል ሲመጡ ወይዘሮ ይታይሽ በር ላይ ጠበቋቸው። ባንቺአምላክ ግን አልጠበቀችም። ርብራቡ ላይ ስትደርስ ስንሻው ቀድሟት ቆሟል።

«ያንተኛው መርፌ ይበልጥ ያምራል» አለችው። «አርባ ቀን አፌ ውስጥ ይዤው የቆየሁት ነው።»

«የኔኛው?» አለ ስንሻው። «እኔ ደግሞ ያንቺው ይበልጣል ልልሽ ነበር የመጣሁት። ጫፉ ላይ የፈሰሰው ሰማያዊ...»

«ቀለበቷን አይተሃታል? ምንህ ነው የሚያየው?»

«አይቻለሁ። ደህና ናት። ያንቺውን ግን አትደርስበትም።»

«ደህና ናት? ስንሻው፣ ደህና ናት ነው ያልከው?»

ድምፃቸው ከደንገሉ በላይ ወጣ። አያ ደረበ መንገድ ላይ ቆም ብለው ጆሯቸውን ጣሉ፤ ከዚያ በትራቸውን አንሥተው ሊሮጡ ቃጡ። ወይዘሮ ይታይሽ ክንዳቸውን ያዙ።

«ይተዉአቸው አያ» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «በደንብ ይጨቃጨቁ። እስከ መስከረሙ ቆጠራ ዓመቱ ረጅም ነው።»

ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና አዳመጡ።